የዓሊ አልጋ፣ የሠውር ዋሻ፣ የያርሙክ ውሃ፦ ለልጆች የትኛውን እንንገር?

ጥያቄው፦ «በሰፈራችን መድረሳ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን አስተምራለሁ። በአምስት ክፍለ ጊዜ የሶሓቦችን (የነብዩን ባልደረቦች) መስዋዕትነትና ታማኝነት ልነግራቸው አስቤ ከየኹጥባው የሰማኋቸውን ታሪኮች ሰበሰብኩ፦ ዓሊ በነብዩ አልጋ የተኛበት ሌሊት፣ በዋሻው ደጃፍ ድሯን ያደራችው ሸረሪት፣ በያርሙክ ውሃ እየተቀባበሉ የሞቱት ሦስት ቁስለኞች፣ የኹበይብ ግድያ፣ የኑሰይባ ውጊያ። አንድ ኡስታዝ “የያርሙኩ ደካማ ነው” አሉኝና ሁሉንም ተጠራጠርኩ። የትኛው ይነገር? የትኛው ይተው?»

ምላሽ፦

ሁሉንም መጠራጠር አያስፈልግም። ከዘረዘሯቸው ውስጥ የኹበይብ በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ የጸና ነው። የዓሊና የኑሰይባ የሲራ (የነብዩ የሕይወት ታሪክ) ጸሐፊዎች ተቀባብለው የያዟቸው ናቸው። የሸረሪቷ ሊቃውንት የተከራከሩበት ነው። የያርሙኩ ደግሞ ኡስታዙ እንዳሉት ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እዘረዝራለሁ። ለአጭርነት ስል ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) እና ሶሓቦችን (ረ.ዐ) ሁሉ እዚሁ አንድ ጊዜ በዱዓ ጠርቼ ልለፍ።

በልጆቹ ፊት ሦስት ዓይነት አነጋገር ይለዩ። በጸኑት (ሶሒሕ) የሐዲስ ስብስቦች፣ ቡኻሪ ወይም ሙስሊም ዘንድ ያለውን «በሶሒሕ ተዘግቧል» ይበሉ። ኢብኑ ኢስሐቅ፣ ዋቂዲና ኢብኑ ሰዕድ የያዙትን «የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት» ይበሉ። የቀረውን «እንዲህ እየተባለ ይተረካል» ብለው ይንገሩ፤ ካልሆነም ይተዉት። የ10 ዓመት ልጅ ይህን ልዩነት በደንብ ይይዛል። የሚያደናግረው ሦስቱንም በአንድ ድምፅ ስንነግረው ነው፤ ካደገ በኋላ አንዱ ሲፈርስበት ሌሎቹም አብረው ይፈርሱበታል፣ ልክ እርስዎን እንደገጠመዎት።

የሂጅራውን (ነብዩ ከመካ ወደ መዲና የተሰደዱበትን) ሌሊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይስጡት። እኔ ብሆን ሁለት እሰጠው ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 622 ነው። ቁረይሾች (የመካ ዋና ጎሳ) በመማክርት ቤታቸው በዳሩ ነድዋ ምን እንደመከሩ ካልተነገራቸው የዓሊ መተኛት ለልጆቹ ትርጉም አይሰጥም። የመካ ሰዎች ጭንቀት የደም ዕዳ ነበር። ከአንድ ጎሳ የወጣ ሰው ነብዩን ቢገድል፣ የነብዩ ዘመዶች የሆኑት የበኑ ዐብዱ መናፍ ወገኖች ያንን ጎሳ በደም ይፈልጉታል። አቡ ጀህል ያመጣው መላ ከየጎሳው አንድ ጎልማሳ ተመርጦ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲመቱ ነው። ደሙ በየጎሳው ከተበተነ የሟች ወገን ሁሉንም ሊወጋ ስለማይችል የደም ካሳ ተቀብሎ ይቀመጣል። ኢብኑ ኢስሐቅ እንደዘገበው ዓሊ በዚያ ሌሊት የነብዩን አረንጓዴ የሐድረመውት ካባ ተከናንቦ በአልጋቸው ላይ ተኛ።

ሰው እዚህ ላይ ታሪኩን ይጨርሰዋል። ለእኔ ግን ክብደቱ ያለው ቀጥሎ ባሉት ቀናት ነው። ነብዩን የሚጠሉት የመካ ሰዎች ሳይቀሩ ንብረታቸውን በአደራ የሚያስቀምጡት እርሳቸው ዘንድ ነበር። ዓሊ ሦስት ሌሊት ከነቀኖቹ መካ ውስጥ ቆየና እያንዳንዱን አደራ ለባለቤቱ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ወጥቶ መዲና አጠገብ ባለችው ቁባእ ላይ ደረሰባቸው። አንድ ሌሊት አልጋ ላይ መተኛት ድፍረት ይጠይቃል። ያሳደዷችሁን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ንብረታቸውን ማስረከብ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆቹን «አደራው የገዳዮቹ ቢሆንስ?» ብለው ይጠይቋቸውና ዝም ብለው ያዳምጡ።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ በዚያው ዘገባ ነብዩ ለዓሊ «የምትጠላው ነገር ከእነርሱ አይደርስብህም» ብለውት እንደነበር ተጽፏል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ዓሊ ቃሉን አምኖ መተኛቱ ራሱ ታማኝነት ነው። ሁለተኛ፣ ከአል-በቀራ 207ኛውን አንቀጽ («ከሰዎችም የአላህን ውዴታ ለመፈለግ ነፍሱን የሚሸጥ አለ») ከዚህ ሌሊት ጋር የሚያያይዙት በተለይ የሺዓ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) ናቸው። በሱኒ ተፍሲሮች ይበልጥ የሚታወቀው ስለ ሱሀይብ አር-ሩሚ መውረዱ ነው። ሱሀይብ ሲሰደድ ቁረይሾች ተከትለው ሲደርሱበት፣ መካ የቀረ ሀብቱ ያለበትን ነግሯቸው መንገዱን ገዛ፤ «ንግዱ አተረፈ» የተባለለት እርሱ ነው። በክፍልዎ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች ልጆች ካሉ ሁለቱንም መንገር ማንንም አያስቀይምም።

አሁን ነብዩና አቡበክር ወደተሸሸጉበት ወደ ሠውር ዋሻ። እዚህ ላይ ሸረሪቷንና ርግቦቹን ለጊዜው ይርሷቸውና ቡኻሪ ከዓኢሻ የዘገበውን ያንብቡ፤ ከተኣምሩ ይልቅ ዝግጅቱ ያስደንቅዎታል። አቡበክር ሁለት ግመሎችን ለአራት ወር ያህል የግራር ቅጠል እየቀለበ አዘጋጅቷል። ነብዩ ባልተለመደ ሰዓት፣ በቀትር፣ ራሳቸውን ተከናንበው መጡ። ለመሰደድ እንደተፈቀደላቸው ሲነግሩት አቡበክር አንዷን ግመል እንዲወስዱ አቀረበላቸው። መልሳቸው «በዋጋው» የሚል ነበር፤ ነፍሱን ሊሰጥ ከተዘጋጀ ወዳጅ እንኳ ግመሉን በነፃ አልወሰዱም። ይህችን ቃል ተራኪዎች ብዙ ጊዜ ይዘሏታል፤ ያሳዝናል።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ ያዘ። የአቡበክር ልጅ አስማእ ስንቁን አሰናዳች። የስልቻውን አፍ የምታስርበት ስታጣ መቀነቷን ቀደደች፤ «የመቀነቷ ባለቤት» የሚለው ስሟ ከዚህ የመጣ ነው። ወንድሟ ዐብደላህ፣ ፈጣንና ብልህ ወጣት፣ ማታ ማታ ዋሻው ዘንድ እያደረ ጎህ ሳይቀድ ወደ መካ ይመለስ ነበር፤ ከቁረይሾች ጋር እዚያው ያደረ መስሎ ይውላል፣ የሚዶለተውን ሁሉ ይሰማል፣ ሲመሽ ወሬውን ይዞ ይወጣል። ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ፣ አቡበክር ነፃ ያወጣው እረኛ፣ ቀን በጎቹን ያሰማራና ማታ ወደ ዋሻው አስጠግቶ ወተት ያጠጣቸዋል። ኢብኑ ኢስሐቅ ሌላም ይጨምራል፦ ዓሚር በጎቹን የሚነዳው በዐብደላህ ዱካ ላይ ነው፤ የበጎቹ ኮቴ የሰውየውን ዱካ ያጠፋዋል። አሸዋ ላይ ዱካ አንብቦ ሰው የሚያገኝ ሕዝብ መካከል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስድስተኛው ሰው ሙስሊም እንኳ አልነበረም። በኪራይ የተያዘ መንገድ መሪ ነው፤ ቡኻሪ ከበኑ ዲል ወገን እንደሆነና በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ እንደነበረ ይናገራል። ስሙን የሲራ ጸሐፊዎች ዐብደላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ይሉታል። ሁለቱን ግመሎች አስረከቡትና ከሦስት ሌሊት በኋላ ዋሻው ዘንድ እንዲገናኙ ቀጠሩት። ቁረይሾች በነብዩና በአቡበክር ላይ፣ ለገደለ ወይም ለማረከ፣ የእያንዳንዳቸውን የደም ካሳ የሚያህል ሽልማት አውጀው ነበር፤ ያ ማለት መቶ ግመል ነው። መንገድ መሪው የተሸሸጉበትን ያውቃል፣ ግመሎቹም በእጁ ናቸው። በቀጠሮው ጠዋት መጣ። «ታማኝነት» የሚለውን ቃል ለልጆች ላስረዳ የሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም ባይ ነኝ።

ካርታ ይሳሉላቸው። የስሪብ (መዲና) ከመካ በስተሰሜን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የሠውር ተራራ ደግሞ በስተደቡብ ነው። ማለት የሸሹት ከሚሄዱበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ፍለጋው እስኪበርድ ሦስት ሌሊት ጠበቁ፤ ከዚያም በተለመደው መንገድ ሳይሆን በባሕሩ ዳርቻ በኩል ወጡ። ልጆቹ ራሳቸው በእርሳስ ሲያሰምሩት ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ስለ ሸረሪቷ፦ ዘገባው በአሕመድ ሙስነድ ከኢብኑ ዐባስ ይገኛል። ኢብኑ ከሢር ሰነዱን (የአስተላላፊዎቹን ሰንሰለት) መልካም ብሎታል፤ ሌሎች በአስተላላፊዎቹ ሰንሰለት ውስጥ ባለ አንድ ሰው ምክንያት ደካማ ብለውታል። የርግቦቹ ከዚያም የላላ ነው። በሶሒሕ የጸናው አቡበክር «ከእነርሱ አንዱ ወደ እግሩ ቢመለከት ያየናል» ማለቱ፣ ነብዩም «ሦስተኛቸው አላህ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ምን ታስባለህ?» ብለው መመለሳቸው ነው፤ ቁርኣንም በሱረቱ አት-ተውባ 40ኛ አንቀጽ ዋሻውን ጠቅሶታል። እንዲያውም ይህን ሲያስቡት ሸረሪቷ ታሪኩን ታቀልለዋለች። ደጃፉ በድር ከተሸፈነ አሳዳጆቹ የሚያዩት ድሩን ነው፤ በጸናው ዘገባ ግን በእነርሱና በመታየት መካከል አንድ አንገት ማጎንበስ ብቻ ነው የቀረው። ልጆቹ ሸረሪቷን ከቤት ሰምተው ስለሚመጡ ግን «ውሸት ነው» ብለው አያሸማቅቋቸው። «ይህም ይተረካል፣ ሊቃውንት ተከራክረውበታል» ማለት ይበቃል።

ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራን እዚህ አይጣሉት። መንገድ ላይ ሱራቃ ኢብኑ ማሊክ ሽልማቱን ፍለጋ ደረሰባቸውና የፈረሱ እግሮች መሬት ውስጥ ሲሰጥሙ ጊዜ የደኅንነት ማረጋገጫ እንዲጻፍለት ለመነ። በቡኻሪ ዘገባ በቁራጭ ቆዳ ላይ የጻፈለት ዓሚር ነው፤ የትናንቱ ባሪያና እረኛ መጻፍ የሚችል ሰው ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሂጅራ 4ኛው ዓመት፣ በቢእር መዑና ከተገደሉት የቁርኣን አንባቢዎች አንዱ ሆነ። በቡኻሪ ቁጥራቸው 70 ነው፤ ኢብኑ ኢስሐቅ 40 ይላል። «በከዕባው ጌታ እምላለሁ፣ ድል አደረግኩ!» የሚለው ቃል በዚህ ቀን በጦር የተወጋው የሐራም ኢብኑ ሚልሓን ነው። ተመሳሳይ ቃል ለዓሚርም ይነገራል፤ ስለዚህ የማን እንደሆነ ሲጽፉ ይጠንቀቁ።

ይህ የቃል መዘዋወር በኹበይብ ታሪክ ላይ ይበልጥ ይታያል። በዚያው በ4ኛው ዓመት ረጂዕ በተባለ ቦታ ጥቂት ሶሓቦች በበኑ ሊሕያን ቀስተኞች ተከበቡ። ቡኻሪ ዘንድ አሥር ናቸው፣ አዛዣቸውም ዓሲም ኢብኑ ሳቢት ነው፤ ኢብኑ ኢስሐቅ ዘንድ ስድስት ናቸው፣ አዛዡም መርሠድ ነው። ኹበይብ ኢብኑ ዐዲይና ዘይድ ኢብኑ ደሢና ተማርከው መካ ላይ ተሸጡ። ኹበይብን የሓሪስ ኢብኑ ዓሚር ልጆች ገዙት። ዘይድን የገዛው ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ነው፤ አባቱ ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ በበድር ጦርነት ስለተገደለ ደሙን ሊመልስበት። (ቢላልን ያሠቃይ የነበረው ያው ኡመያ ነው።)

በየቦታው የሚነገረው ጥያቄ፣ «አሁን ሙሐመድ በአንተ ቦታ ሆኖ አንተ ከቤተሰብህ ጋር ብትሆን ትወድ ነበር?» የሚለው፣ በኢብኑ ኢስሐቅ ዘገባ አቡ ሱፍያን የጠየቀው ዘይድን ነው። ዘይድም «እኔ ከቤተሰቤ ጋር ተቀምጬ፣ ሙሐመድ አሁን ባለበት ቦታ እሾህ እንኳ ቢወጋው አልወድም» አለ። በሌላ ዘገባ ይኸው ቃል ለኹበይብ ተሰጥቷል። በቡኻሪ ዘገባ ይህ ምልልስ የለም። ስለዚህ «በቡኻሪ እንደተዘገበው ኹበይብ እንዲህ አለ» ብለው ከጻፉ ሁለት ስህተት በአንድ አረፍተ ነገር ሠርተዋል። እጅግ የተለመደ ስህተት ነው፣ በታተሙ ጽሑፎችም ያጋጥማል።

በቡኻሪ ያለው ግን ለእርስዎ ክፍል የበለጠ ይስማማል። ኹበይብ ታስሮ ሳለ መገደሉ እንደቀረበ ሲያውቅ ሰውነቱን ለማጽዳት ምላጭ ተዋሰ። የቤቱ ሴት ሳታስተውል ትንሽ ልጇ እየዳኸ ወደ እርሱ ሄደ፤ ዞር ስትል ልጁ በጭኑ ላይ ተቀምጧል፣ ምላጩም በእጁ ነው። ደነገጠች። «እገድለዋለሁ ብለሽ ፈራሽ? ያንን አላደርግም» አላት። ይህን የተናገረችው ራሷ ሴትየዋ ናት፤ «ከኹበይብ የተሻለ ምርኮኛ አላየሁም» ያለችውም እርሷ ናት። ምስክሩ ከጠላት ወገን፣ ያውም የልጁ እናት ናት። ከዚያ ከሐረም (ከመካ የተከበረ ቦታ) ክልል ውጭ አወጡት። ሁለት ረከዓ እንዲሰግድ ጠየቀ፤ ሲጨርስም «ሞት ፈርቶ ነው እንዳትሉኝ እንጂ አስረዝመው ነበር» አለ። ከግድያው ዝርዝር እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ለ10 ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

አሁን የያርሙክ ጦርነት። ታሪኩ እንደሚታወቀው ነው፦ ሦስት ቁስለኞች ተኝተዋል፣ ለአንዱ ውሃ ሲቀርብለት ሌላው ሲያይ ይመለከትና «ለእርሱ ስጡት» ይላል፤ እንዲህ እየዞረ ውሃው ለማንም ሳይደርስ ሦስቱም ያልፋሉ። ስሞቹ ሓሪስ ኢብኑ ሂሻም፣ ኢክሪማ ኢብኑ አቢ ጀህልና ዐያሽ ኢብኑ አቢ ረቢዓ ይባላሉ፤ በሌላ አተራረክ ሦስተኛው ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ነው።

እንዴት እንደሚመረመር ደረጃ በደረጃ ላሳይዎት፤ ለሌሎችም ታሪኮች ይጠቅምዎታል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አየ?» ነው። ታሪኩን የሚናገረው ሀቢብ ኢብኑ አቢ ሳቢት ነው፤ እርሱ ግን የሚቀጥለው ትውልድ ሰው ነው፣ ያረፈውም በሂጅራ 119 ገደማ ነው። ያርሙክ በሂጅራ 15 (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 636) ስለሆነ እዚያ ሊገኝ አይችልም፣ ከማን እንደሰማም አልተናገረም። ሰንሰለቱ መሐሉ ላይ ተቆርጧል። ቀጥሎ «እነዚህ ሰዎች በዚያ ቀን በሕይወት ነበሩ ወይ? እዚያስ ነበሩ?» ይባላል። ኢብኑ ሰዕድ ታሪኩን ለዋቂዲ ሲነግረው ዋቂዲ አልተቀበለውም፦ ኢክሪማ በአቡበክር ዘመን በአጅናደይን ጦርነት (በሂጅራ 13) ነው የተገደለው፣ ዐያሽ መካ ነው የሞተው፣ ሓሪስ በዐምዋስ ወረርሽኝ በሂጅራ 18 ሻም (ሶሪያና አካባቢው) ላይ ነው ያረፈው ብሎ መለሰለት። ኢክሪማ ያርሙክ ላይ ወደቀ የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ሦስቱን በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰዓት ማስተኛት አስቸጋሪ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ «ሌላ አተራረክ አለው ወይ?» የሚለው ነው። አለው፤ አቡ ጀህም ኢብኑ ሑዘይፋ የአጎቱን ልጅ ፍለጋ ውሃ ይዞ ሲዞር ተመሳሳይ ነገር እንደገጠመው ይተረካል፣ በዚያኛው ሁለተኛው ቁስለኛ ሂሻም ኢብኑል ዓስ ነው። ሂሻምን ግን አጅናደይን ላይ ተገደለ የሚሉ አሉ።

እንግዲህ ስሞቹ ይቀያየራሉ፣ ቅርጹ ግን አንድ ነው። ምናልባት ከሥሩ አንድ እውነተኛ ነገር ይኖር ይሆናል፣ በየአፉ ሲያልፍ ግን የታወቁ ስሞች ተለጥፈውበታል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መንገር ከፈለጉ ያለ ስም፣ «በያርሙክ ቁስለኞች ዘንድ እንዲህ ሆነ እየተባለ ይተረካል» ብለው ይንገሩ። ሐዲስ ነው አይበሉ። ክፍለ ጊዜ ካጠረብዎት ያለ ጸጸት ይተዉት፤ ራስን አስርቦ ሌላውን ማስቀደም (ኢሣር) ከተባለ በቡኻሪና በሙስሊም የጸናው የእንግዳው ታሪክ አለ። አንሳሪውና (አንሳር የሚባሉት ነብዩን የተቀበሉ የመዲና ሰዎች ናቸው) ሚስቱ ለልጆቻቸው የሚሆን ራት ብቻ ነበራቸው። ልጆቹን አስተኙ፣ መብራቱን አጠፉ፣ በጨለማው የሚበሉ መስለው ከእንግዳው ጋር ተቀመጡና ተርበው አደሩ፤ የአል-ሐሽር 9ኛው አንቀጽ የወረደው በእነርሱ ነው። እናትየዋ መብራቱን የምታስተካክል መስላ ማጥፋቷን ሲነግሯቸው ልጆች ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ስህተቱ ደካማ በሚባሉት ታሪኮች ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ዘመን ማመሳከር ለታወቁትም ይሠራል። ቢላል ሲሠቃይ የነብዩ ሚስት የኸዲጃ ዘመድ ወረቃ ኢብኑ ነውፈል በአጠገቡ እያለፈ «አሐድ፣ አሐድ» ይል ነበር የሚለውን ኢብኑ ኢስሐቅ ይዞታል። በቡኻሪ ግን ወረቃ ወሕይ (ራእዩ ለነብዩ መውረድ) በጀመረ ሰሞን ብዙም ሳይቆይ ሞቷል፤ ባሪያዎቹ መሠቃየት የጀመሩት ደግሞ ጥሪው ይፋ ከወጣ በኋላ ነው። የቢላል ጽናት በዚህ አይነካም፣ ወረቃን ብቻ ያውጡት። የተከፈለበት ዋጋም በየዘገባው ስለሚለያይ (አንዱ ወርቅ ይላል፣ ሌላው በሌላ ባሪያ ተለወጠ ይላል) ቁጥር አይጥቀሱ።

የኡሑድን ጦርነት በተመለከተ (ሂጅራ 3፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 625) ከኑሰይባ በፊት ሁለት ነገር ያስገቡ። የመጀመሪያው ቀስተኞቹ ናቸው፦ 50 ሰዎች፣ አዛዣቸው ዐብደላህ ኢብኑ ጁበይር፣ ትእዛዙም «አሞራ ሲነጥቀን ብታዩ እንኳ ከቦታችሁ አትነሡ» የሚል። ምርኮ ሲታይ አብዛኞቹ ወረዱ። ዐብደላህ ከጥቂቶች ጋር ቆየና እዚያው ተገደለ። የእርሱ መስዋዕትነት ማንም ግጥም የማይጽፍለት ዓይነት ነው፤ ትእዛዝ ጠብቆ ባዶ ኮረብታ ላይ መቆም። ሁለተኛው በሙስሊም ያለው ነው፦ ነብዩ በአንድ ወቅት ከሰባት አንሳሮችና ከቁረይሽ ወገን ከሆኑ ሁለት ሶሓቦች ጋር ብቻ ቀሩ። «ከእኛ የሚመልሳቸው ማነው? ጀነት አለው» ሲሉ አንዱ አንሳሪ ወጥቶ ተዋግቶ ወደቀ፤ ሌላው ቀጠለ፤ ሰባቱም እንዲሁ አለቁ። በዘገባው የአንዳቸውም ስም አልተጠቀሰም። የጦልሓ እጅ ነብዩን ስትጠብቅ ሽባ መሆኗም በቡኻሪ አለ። የቁስሉን ቁጥር ግን ይተዉት፣ በየመጽሐፉ ይለያያል። ሙስዐብ ኢብኑ ኡመይርን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፦ ሲከፈን የነበረው አንድ ጨርቅ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ስለሚገለጥ፣ ራሱን ሸፍነው እግሩ ላይ ሣር አደረጉበት።

ኑሰይባ (ኡሙ ዑማራ) ወደ ኡሑድ የወጣችው ለመዋጋት አልነበረም። በጠዋት ውሃ የያዘ አቁማዳ ተሸክማ ሕዝቡ ምን እንደሚሠራ ልታይ ነው የሄደችው፤ ድሉ ሲገለበጥ በሰይፍና በቀስት ከነብዩ ፊት ቆመች። ከጠላት ወገን የሆነው ኢብኑ ቀሚአ ትከሻዋ ላይ ያደረሰባት ቁስል ጎድጉዶ ቀርቷል። የቁስሎቿ ቁጥር ደርዘን ያህል ነው የሚለው ከዋቂዲ የመጣ ነው፣ «የሲራ ጸሐፊዎች» በሚለው ሥር ይንገሩት።

ከኡሑድ ሳይወጡ የኛን አገር ሰው ማንሣት ከፈለጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነብዩን ያሳደገቻቸው ኡሙ አይመን (በረካ) ከሐበሻ እንደነበረች በሙስሊም ሶሒሕ ተጽፏል፤ ዋቂዲ በኡሑድ ቁስለኛ ውሃ ከሚያጠጡት ሴቶች ይቆጥራታል። ልጇ አይመን በሑነይን ጦርነት (ሂጅራ 8) ሰው ሲበተን ከነብዩ ጋር ከጸኑት ጥቂቶች አንዱ ነበር፣ እዚያው ወደቀ። በኛ ልጆች ዘንድ ቢላል ብቻ መታወቁ ትንሽ ይቆጨኛል።

ለአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕን ያስቡት። ነብዩ መዲና ሲገቡ ከስደተኛው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው አቀረበ። ዐብዱረሕማን ግን «አላህ በቤተሰብህና በሀብትህ ይባርክልህ፣ ገበያውን አሳየኝ» አለውና አይብና ቅቤ በመነገድ ጀመረ። ልጆቹ የሰጪውን ብቻ ሳይሆን የተቀባዩንም ጨዋነት ይዩ። ያ ሰዕድ ኡሑድ ላይ ተገደለ። ከላይ ያልኩትን የኑሰይባ ቁስል አይታ «ይህ እንዴት ሆነ?» ብላ ጠይቃ ታሪኩን ያስተላለፈችልን ኡሙ ሰዕድ ደግሞ የእርሱ ልጅ ናት፤ ዝምድናውን እርስዎ አይንገሯቸው፣ ስሞቹን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ራሳቸው ያግኙት። ሲያገኙት ኢብኑ ሂሻም የጻፈውን ያክሉላቸው፦ አንድ ሰው አቡበክር ዘንድ ሲገባ ትንሽ ልጅ ደረቱ ላይ አድርጎ ሲስማት አየና «ይህቺ ማናት?» አለው። «ከእኔ የሚበልጥ ሰው ልጅ ናት፤ የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ» ሲል መለሰለት።